በአንድ ዓይን ያዩ ሐኪምና የጓሯችን ቅንጭብ

ሥራው፣ ሙቀቱ፣ የአገር ናፍቆቱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ በዚህ ወር ስለ አንድ ሐኪም ሕይወት ልጽፍላችሁ ተነስቻለሁ። ሰውየው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ አገራቸውም አየርላንድ ነው። የአየርላንድ ሰው ታሪክ ለእኛ ምን ያደርግልናል እንዳትሉኝ። ታሪኩ ዞሮ ዞሮ እናቶቻችን ግቢ ካለው የቅንጭብ አጥር ዘንድ ይደርሳል። ከመካከላችን ልጇን ለእናቷ አስረክባ የመጣች ስንት አለች! ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ያደግኩበት ግቢ አጥሩ ቅንጭብ ነበር። ከብት አይበላውም፣ ውሃ ባይጠጣም አይደርቅም፣ ቆርጠው ቢተክሉት ይበቅላል። ስንሰብረው ነጭ ወተት ያንጠባጥባል። እኛ ልጆች በዚያ ወተት መጫወት እንወድ ነበር፣ እናቴ ደግሞ ባየችን ቁጥር ዓይን ያጠፋል እያለች እጃችንን በሳሙና ታሳጥበናለች። ያን ጊዜ ቁጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ የቅንጭብ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ከዚያም ሌላ የሳይንስ ሰዎች ለብዙ ዓመት የተመራመሩበት ጉዳይ አለው።

የጠፋው ዓይን

ዴኒስ በርኪት የተወለዱት በ1911፣ ዛሬ ሰሜን አየርላንድ በሚባለው ክፍል፣ ኤኒስኪለን በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው የመንገድና የድልድይ ሥራ የሚቆጣጠሩ መሐንዲስ ነበሩ። እኚህ አባት በትርፍ ሰዓታቸው የሚወዱት ሥራ ነበራቸው። ደረታቸው ቀላ ያለ ትንንሽ ወፎችን እየያዙ እግራቸው ላይ የብረት ቀለበት ያስሩላቸውና፣ የትኛዋ ወፍ የት ድረስ እንደምትኖር በካርታ ላይ ይመዘግቡ ነበር። ቀለም መለየት ስለማይችሉ ቀለበቶቹን የሚለዩት በቅርጻቸው ነው። ይህን የወፍ ካርታ ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ዴኒስ የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ ልጆች ድንጋይ ሲወራወሩ አንዱ መነጽራቸውን መታው። መስታወቱ ተሰብሮ ዓይናቸው ውስጥ ገባና ዓይኑ ሊድን አልቻለም፣ ተነቅሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያዩት በአንድ ዓይን ነው።

በትምህርትም ጎበዝ የሚባሉ አልነበሩም። በ1929 ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ምሕንድስና ሊማሩ ገቡ፣ ግን አልሆነላቸውም። አስተማሪያቸው እንኳ ይህ ልጅ ዲግሪ መያዙን እጠራጠራለሁ ብሎ ለአባታቸው ጻፈ። እሳቸው ግን ወደ ሕክምና ተዛወሩና በ1935 ተመረቁ፣ በ1938 ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሙያ ማዕረግ አገኙ። ሃይማኖተኛ ሰው ስለነበሩ ሐኪም መሆንን እንደ ጥሪ ነበር የሚያዩት።

አፍሪካ ሄደው ለመሥራት ሲያመለክቱ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤት በአንድ ዓይናቸው ምክንያት አልተቀበላቸውም። እህቶቼ፣ በሕክምና ምርመራ ወድቃ ከኤጀንሲ የተመለሰች ሰው ይህን ስሜት ታውቀዋለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን የጦር ሠራዊቱ ሐኪም ቸግሮት ወሰዳቸው፤ በኬንያ፣ በሶማሊላንድና በሲሎን አገለገሉ። በ1943 ኦሊቭ የምትባል ነርስ አገቡ። ጦርነቱ ሲያልቅ ድጋሚ አመለከቱ፣ አሁን ተቀበሏቸውና በ1946 ዩጋንዳ ገቡ።

መጀመሪያ የተመደቡት በሰሜን በኩል ሊራ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ አንድ ነገር አስተዋሉ። የወንዶች ቆለጥ ውሃ ቋጥሮ የሚያብጥበት በሽታ ከወረዳው በምሥራቁ በኩል ሞልቷል፣ በምዕራቡ በኩል ግን እምብዛም የለም። ሌላው ሐኪም ቀዶ ይሸኛል። እሳቸው ግን በሽተኛው ከየት መንደር እንደመጣ ጠየቁ። እንግዲህ የአባታቸው የወፍ ካርታ ወደ ልጅየው መምጣቱ ነው።

የሁለት ልጆች ፊት

በ1957 ዶክተር በርኪት በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ነበር የሚሠሩት። አንድ ቀን ባልደረባቸው አንድ የ5 ዓመት ወንድ ልጅ እንዲያዩላቸው ጠሯቸው። የልጁ መንጋጋ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ፣ በአራቱም በኩል አብጧል፣ ጥርሶቹ ተነቃንቀዋል። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ከቁስል የመጣ መግል ቢሆን በአንድ በኩል ይሆናል እንጂ በአራቱም አይሆንም። ካንሰርም ቢሆን እንዲሁ። ፎቶ አነሱት፣ ግን ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ቀረ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ነጩ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣባት በጂንጃ ከተማ ሆስፒታል ለሥራ ሄዱ። በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከቱ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ሣር ላይ ተቀምጣለች። የልጅቷ ፊት ልክ እንደዚያ ልጅ አብጧል። ሮጠው ወጥተው አዩአት። ሆዷ ውስጥም ዕጢ ነበረባት። አንድ ጊዜ ያዩት ነገር አጋጣሚ ሊባል ይችላል፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን ግን ሊባል አይችልም። የሆስፒታሉን መዝገብ አገላበጡ። ሌሎች ሐኪሞች የመንጋጋውን ለብቻ፣ የሆዱን ለብቻ፣ የኩላሊቱን ለብቻ እያሉ የተለያየ ስም የሰጡት በሽታ ሁሉ አንድ ሆኖ አገኙት። በ1958 ጻፉት፣ የሰማቸው ግን ጥቂት ነው። በኋላ የሙላጎ ሌሎች ሐኪሞች ዕጢውን መርምረው ሊምፎማ መሆኑን አረጋገጡ፤ ማለት ከነጭ የደም ሴል የሚነሳ ካንሰር ነው። ዛሬ በርኪት ሊምፎማ ተብሎ በእሳቸው ስም ይጠራል።

16,000 ኪሎ ሜትር በአሮጌ መኪና

ዶክተሩ የታመመ ልጅ ፎቶ ያለበት ወረቀት አሳትመው አፍሪካ ውስጥ ላሉ ከ1,000 በላይ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ላኩ። እንዲህ ያለ ልጅ አይታችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። መልስ በመጣ ቁጥር ግድግዳ ላይ በሰቀሉት ካርታ ላይ መርፌ ይሰካሉ። መርፌዎቹ አፍሪካን እንደ መቀነት መካከሏን ታጠቋት።

የመቀነቱ ጠርዝ የት እንደሆነ በዓይናቸው ለማየት በጥቅምት 1961 ከሁለት ሐኪም ጓደኞቻቸው ጋር ተነሱ። በ250 ፓውንድ የተገዛች ያገለገለች ፎርድ መኪና ይዘው 10 ሳምንት ተጓዙ። እስከ ደቡብ አፍሪካ ወርደው፣ ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞሩ፣ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነዱ። ያገኙትን እኛ አበሾች ቶሎ እንረዳዋለን፣ ቆላና ደጋ እያልን ስላደግን። በሽታው ያለው ሞቃትና ዝናብ ባለበት አገር ነው። በብርዳም ተራራ ላይ የለም፣ በደረቅ በረሃም የለም። በዩጋንዳና በኬንያ ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ይጠፋል፤ ወደ ደቡብ ርቀው ሲሄዱ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ በዝቅተኛ ቦታም ይጠፋል። ስለዚህ ዋናው ነገር ከፍታው ሳይሆን ሙቀቱና ዝናቡ ሆኖ ተገኘ። ሙቀትና ዝናብ ያለበት ደግሞ ትንኝ አለ። ዶክተሩ በትንኝ የሚተላለፍ ቫይረስ መኖር አለበት ብለው ገመቱ። ግምታቸው ግማሹ ልክ ነበር፣ ግማሹ ልክ አልነበረም። ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

ከጉም የተረፈችው ጠርሙስ

ከጉዞው በፊት፣ በመጋቢት 1961፣ ዶክተር በርኪት ለንደን ውስጥ ንግግር አድርገው ነበር። አንቶኒ ኤፕስታይን የሚባሉ ወጣት ተመራማሪ ከአዳማጮቹ መካከል ነበሩ። እሳቸው በዶሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ያጠኑ ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ከካምፓላ የዕጢ ቁራጭ በአውሮፕላን ይላክላቸው ጀመር። ሁለት ዓመት ተኩል ሠርተው ምንም አላገኙም።

በታኅሣሥ 1963 ለንደን በጉም ተሸፍና አውሮፕላኑ ማንቸስተር አረፈ። ጠርሙሷ ዘግይታ ስትደርስ ፈሳሹ ደፍርሷል። የተበላሸ መስሏቸው ሊጥሉት ይችሉ ነበር፣ ግን በማጉያ መነጽር ሲያዩት ድፍርስነቱ ከዕጢው ተላቀው በሕይወት የሚንሳፈፉ የካንሰር ሴሎች ነው። እነሱን አራብተው በ1964 ቫይረሱን አዩት። ኤፕስታይን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ከአቾንግና ከኢቮን ባር ጋር ጻፉት፣ ስሙም ኤፕስታይን ባር ተባለ። በሰው ካንሰር ውስጥ የተገኘ የመጀመሪያው ቫይረስ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ነገሩ ተወሳሰበ። የሰው ደም በየአገሩ ሲመረመር ይህ ቫይረስ የሌለበት አዋቂ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ከ10 አዋቂ ሰዎች 9ኙ ይዘውታል። እኔም እናንተም፣ ማዳማችንም፣ የምናሳድጋቸው ልጆችም ሳንይዘው አንቀርም። የሚተላለፈውም በምራቅ እንጂ በትንኝ አይደለም። አንዴ ከገባ በነጭ የደም ሴል ውስጥ ዕድሜ ልክ ተኝቶ ይኖራል፣ አብዛኛውን ሰው ምንም አያደርገውም። ታዲያ በዓለም ሁሉ ያለ ቫይረስ ለምን በዚያ መቀነት ውስጥ ያሉትን ልጆች ብቻ ለይቶ እንዲህ ያጠቃል? ቫይረሱ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። በአካባቢው የሚያግዘው ነገር አለ።

የተዳፈነ ፍም

አያቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል። ሌሊቱን ሙሉ አለ፣ ግን አያቃጥልም። ጠዋት ሲቆሰቁሱትና እፍ ሲሉበት ይነሳል። ቫይረሱን እንደዚያ ፍም ቁጠሩት። ማነው የሚቆሰቁሰው?

የመጀመሪያው ወባ ነው። ልጅ ዓመቱን ሙሉ ደጋግሞ በወባ ሲያዝ፣ ቫይረሱን የሚጠብቀው የሰውነት ዘብ ይደክማል፣ ቫይረሱ የተኛባቸው ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ያለ ልክ ይራባሉ። ሴል በብዛት ሲራባ ስህተትም ይበዛል። ከዚያ ውስጥ አንዱ የክሮሞዞም ቁራጭ ተሰብሮ ከማይገባው ቦታ ሲጣበቅ ነው ካንሰሩ የሚነሳው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2012 በጣም በበዛበት አካባቢ ያለ ወባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል። እንግዲህ የዶክተሩ ትንኝ እውነት ነበረች፣ የተሸከመችው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የኛው ቅንጭብ ነው። በ1980ዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎች የብዙ ተክሎችን ጭማቂ እየወሰዱ ቫይረሱ በተኛባቸው ሴሎች ላይ ሞከሩ። የቅንጭብ ወተት የተኛውን ቫይረስ ቀስቅሶ እንዲራባ አደረገው። ከተክሉ ሥር የተወሰደ አፈርም ያንኑ አደረገ። ወተቱ ውስጥ ፎርቦል ኤስተር የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ፤ ሴሉን ተራባ ተራባ የሚሉት እነሱ ናቸው። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎችም ቫይረስ ባለባቸው ሴሎች ላይ የቅንጭብ ጭማቂ ሲጨመር ክሮሞዞማቸው ሲዛባ ታይቷል፣ ቫይረሱን የሚቆጣጠሩት የሰውነት ዘቦችም ሲደክሙ ታይቷል።

በ1993 ደግሞ ማላዊ ውስጥ የተደረገ ጥናት ወጣ። የበርኪት ሊምፎማ የያዛቸው ልጆች ቤት ሲታይ፣ ካልታመሙት ልጆች ቤት ይልቅ ቅንጭብ በዝቶ ተገኘ። በአፍሪካ መንደር ቅንጭብ አጥር ነው፣ መድኃኒት ነው፣ ለልጅ ደግሞ መጫወቻ ነው። ወተቱ እጅ ላይ ይቀራል፣ እጅ ወደ አፍ ይሄዳል።

በቻይናም ደቡቡ ክፍል ይኸው ቫይረስ ያለበት የአፍንጫና የጉሮሮ መገናኛ ካንሰር ይበዛል። እዚያ ደግሞ ከቅንጭብ ጋር አንድ ዘር የሆነው፣ ለዘይቱ የሚተከለው የቱንግ ዛፍ ተጠርጥሯል።

ግን እህቶቼ፣ እንዳትደነግጡ። በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ውስጥ የሆነ ነገር ሁሉ በሰው ላይ ይሆናል ማለት አይደለም። ቫይረሱና ወባው በማስረጃ የቆሙ ናቸው፣ ቅንጭቡ ግን ገና በጥርጣሬ ላይ ነው ያለው። በቅንጭብ አጥር ውስጥ ያደግን ስንቶቻችን ነን ደህና ያለነው። ነገሩ ሦስቱ ሲገናኙ ነው።

የዶክተሩ መጨረሻ

ዶክተር በርኪት ቀዶ ሐኪም ሆነው ሳለ ይህ በሽታ በቢላዋ እንደማይድን ቶሎ ተረዱ። በዚያን ጊዜ ዩጋንዳ የጨረር ሕክምና አልነበራትም። ስለዚህ ያኔ አዲስ የነበሩትን የካንሰር መድኃኒቶች ሞከሩ። ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለውን ሲሰጡ የልጆቹ ፊት በጥቂት ቀን ውስጥ ጎደለ። አንዳንዱ ልጅ በአንድና በሁለት መርፌ ብቻ ዕጢው ጠፍቶለት ዳነ። ካንሰር ያለው ልጅ በመድኃኒት ብቻ ሊድን እንደሚችል ለዓለም ካሳዩት አንዱ እሳቸው ናቸው።

በ1966 ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። እዚያም የት ነው የሚበዛው የሚለውን ጥያቄ አልተዉም። የአፍሪካ ገበሬ የማይታመመውን የአንጀት በሽታ ፈረንጁ ለምን ይታመማል ብለው ጠየቁ፣ ገለባው ያልወጣለት እህል ብሉ እያሉ በየአገሩ አስተማሩ። በዚህ ትምህርታቸው ከመጀመሪያው ሥራቸው የበለጠ ታወቁ። በመጋቢት 1993 በ82 ዓመታቸው አረፉ። የማላዊው የቅንጭብ ጥናት የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ለእኛ የሚሆነው

እኔ ከዚህ ሰው ሕይወት የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ሁለት ዓይን ያላቸው ሐኪሞች ዕጢውን አዩ፤ በአንድ ዓይን የሚያዩት እኚህ ሰው ግን ልጁ ከየት እንደመጣ፣ ቤቱ አካባቢ ምን እንዳለ ጠየቁ። በሽታ የሚመጣው በደም ውስጥ ካለው ብቻ አይደለም፣ በግቢ ውስጥ ካለውም ነው።

ስለዚህ እረፍት ያላት በእረፍቷ ቀን፣ እረፍት የሌላትም ስልክ በፈቀዱላት ሰዓት ወደ ቤት ስትደውል፣ ብር ደረሰ ወይ ከማለት ጋር ይህን ለእናቷ ወይም ለእህቷ ትንገርልኝ።

ልጆች በቅንጭብ ወተት እንዳይጫወቱ፣ ከነኩትም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ለዓይናቸው ሲባል ብቻ እንኳ ይህ ይገባል። አጥሩን ንቀሉ አልልም፣ ግን ልጆች የሚውሉበት ቦታ ከሆነ ሌላ ነገር ቢተከል ጥሩ ነው። ወተቱን ለልጅ እብጠት ወይም ኪንታሮት መድኃኒት ነው ብሎ መቀባት ይቅር።

ቆላ ያላችሁ፣ ልጆቹ አጎበር ውስጥ ይተኙ። ትኩሳት ሲይዛቸው ለወባ ይመርመሩ። በእጃችን ካለው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

የልጅ መንጋጋ አብጦ በቀን በቀን ከጨመረ፣ ጥርሱ ያለ ጊዜው ከተነቃነቀ፣ ወይም ሆዱ ጠጥሮ ካበጠ፣ ጆሮ ደግፍ ነው ብሎ መጠበቅ፣ ወደ ጥርስ ነቃይ ወይም ወደ ወጌሻ መውሰድ አይገባም። ይህ ካንሰር በሰው ላይ ከሚታዩት ሁሉ ፈጥኖ የሚያድግ ነው፣ በአንድና በሁለት ቀን እጥፍ ይሆናል። ልጁ ቶሎ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይሂድ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕጻናት ካንሰር ሕክምና አለ። የሚያስቆጨው ነገር በሽታው የሚድን መሆኑ ነው። በሀብታም አገር ከ10 ልጆች 9 ያህሉ ይድናሉ። በእኛ አህጉር ብዙዎች የሚሞቱት ዘግይተው ስለሚደርሱና መድኃኒቱን ስለማይጨርሱ ነው።

እኛ እዚህ የሰው ልጅ እያጠብን፣ እያበላን፣ ትንሽ ትኩሳት ሲይዘው ሌሊቱን ሙሉ እየነቃን እንጠብቃለን። የራሳችን ልጅ ሲያብጥ ግን በስልክ ነው የምንሰማው። ከዚህ ሆነን እጃችን አይደርስም፣ ቃላችን ግን ይደርሳል። ከብሩ ጋር ይህንንም ቃል እንላክ።

በቸር ያገናኘን እህቶቼ። ሰላም ሁኑልኝ።